ከገዛሁት ብዙው ፍሪጅ ውስጥ ይበላሽብኛል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የጎሮዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። አምስት ቤተሰብ ነን፣ ጎሮ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ሁለታችንም ሠራተኞች ስለሆንን አስቤዛ የምገዛው በሳምንት አንዴ፣ እሁድ ገበያ ነው። ዋጋው ከሰፈር ጉሊት ይሻላል። ግን ከገዛሁት ብዙው ሳይበላ ይጣላል። ቆስጣው ረቡዕ ላይ ቢጫ ሆኖ ይጠብቀኛል። ቲማቲሙ ይፈርጣል፣ ድንቹ ያቆጠቁጣል። እሁድ የሠራሁት ወጥ ሐሙስ ላይ ይኮመጥጣል። መብራትም አልፎ አልፎ ይጠፋል። ፍሪጃችን መካከለኛ ነው፣ ከላይ ትንሽ ፍሪዘር አለው። በዚህ የኑሮ ውድነት ምግብ መድፋት ያንገበግባል። እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

መልስ፦ ፍሪጅ ጠጋኙ

እህቴ፣ ከምግቡ በፊት ፍሪጁን እንይ። አንድ ብርጭቆ ውሃ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጪና ቴርሞሜትር ከትተሽ አሳድሪው። ጠዋት 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ማንበብ አለበት። 8 ወይም 10 ካነበበ ምንም ዘዴ ብትጠቀሚ ምግቡ አይቆይልሽም። አብዛኞቹ ፍሪጆች ላይ የማዞሪያው ቁጥር ከፍ ሲል ቅዝቃዜው ይጨምራል። ብዙ ሰው ተቃራኒው ይመስለዋል።

ቀጥሎ በሩ ላይ ያለውን ጎማ ፈትሺ። ወረቀት በሩ መሃል አድርገሽ ዝጊና ሳቢው። ያለ ምንም መያዝ ሾልኮ ከወጣ ቅዝቃዜው በዚያ በኩል እየወጣ ነው። ፍሪጁን ከግድግዳው ትንሽ አርቂው፣ ከምድጃ አጠገብም አታድርጊው። ፍሪዘሩ በረዶ ከጋገረ ፍሪጁን ከሶኬት ነቅለሽ አቅልጪው። አደራ፣ በቢላ እንዳትፈነቅዪው! ቧንቧው ከተበሳ ጋዙ ይወጣና ጥገናው ከሳምንት አስቤዛሽ ይበልጣል።

ሌላው፣ ወተት በሩ ላይ አይቀመጥ። በሩ በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የሚሞቀው እሱ ነው። ወተቱን ወደ ውስጥ አግቢና በሩን ለአዋዜ፣ ለሰናፍጭና ለውሃ ተዪው።

መልስ፦ የድግስ ምግብ አዘጋጇ

ለአትክልቱ እኔ ልመልስ፤ ሥራዬ ነው።

ቆስጣና ጎመን የሚገድላቸው እርጥበት ነው። ገበያ ላይ ውሃ እየረጩ ነው የሚሸጡት። ቤት እንደገባሽ ፌስታሉን ፍቺ፣ የተጎዳውን ቅጠል ልቀሚ፣ የቀረውን በጨርቅ አድርቂ። አታጥቢው፤ የሚታጠበው ሊሠራ ሲል ነው። በደረቅ ፎጣ ወይም በወረቀት ጠቅልለሽ ፌስታል ውስጥ ክተችና ታችኛው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው። ወረቀቱ ሲርስ ቀይሪለት። ቃሪያም እንደዚሁ ነው። ካሮት ከሆነ ቅጠሉን ቁረጪለት፤ ቅጠሉ ውሃውን ይመጥበታል።

ቆስጣው ቶሎ ቢጫ የሚሆነው ምናልባት ከሙዝ፣ ከአቮካዶ ወይም ከቲማቲም ጋር ስለምታስቀምጪው ነው። እነዚህ ሲበስሉ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፤ ቅጠል ደግሞ አይወደውም። ለያያቸው።

ድንችና ቀይ ሽንኩርት ፍሪጅ ውስጥ አይገቡም። ጨለማና አየር ያለበት ቦታ ይፈልጋሉ፣ ሁለቱም ለየብቻ። አንድ ዘንቢል ውስጥ ከከተትሻቸው አንዱ ሌላውን ያበላሻል። አረንጓዴ የሆነ ድንች ግን ለመቆጠብ ብለሽ አትብዪው፤ መርዛማ ነው።

ቲማቲሙን ገና ከገበያ እንደመጣሽ ምረጪው። ጥሬው ውጪ ይቆይ። የበሰለው ፍሪጅ ይግባ። የለሰለሰውን ደግሞ እዚያው እሁድ ስልስ ሥሪውና በትንንሽ ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢ። እኔ ትልቁ ቁጠባ ይሄ ነው እላለሁ፤ ሊበላሽ ያለውን ቀድሞ ማብሰል። ቁሌትም እንደዚሁ ነው። ሽንኩርት ሲረክስ በርከት አድርገሽ አቁላዪና ለአንድ ወጥ፣ ለአንድ ወጥ እየመጠንሽ ፍሪዘር ውስጥ ደርድሪው። የማታ ሥራሽም ይቀልልሻል፣ ቡታጋዝም ይቆጥባል።

መልስ፦ እማማ ከአራት ኪሎ

የኔ ልጅ፣ ወጥ የሚበላሸው ትኩሱን ፍሪጅ ውስጥ ስትከቺው ነው። እኛ ማታ ምድጃው ላይ ትተነው እናድራለን፤ በደንብ ይቀዘቅዛል። ጠዋት አንዴ ገንፈል አድርገን እናስገባዋለን። ዶሮ ወጥ እንዲህ ሆኖ ሳምንት ይቆያል።

መልስ፦ የጤና ባለሙያው

እማማ፣ ትኩስ ድስት እንዳለ ማስገባት ጥሩ እንዳልሆነ ልክ ነዎት። ፍሪጁን ያሞቀዋል፣ ሌላውንም ምግብ ይጎዳል። ማሳደሩ ላይ ግን ልቃወምዎት። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ተሕዋስያን በፍጥነት ይራባሉ፤ ምድጃ ላይ ያደረ ወጥ ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ጠዋት ማፍላቱ አብዛኞቹን ተሕዋስያን ይገድላል። አንዳንዶቹ የሚተዉት መርዝ ግን በመፍላት አይጠፋም። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል።

ለጠያቂዋ፦ ወጡ እንደወጣ በትንንሽና ዝርግ ዕቃዎች ከፋፍይው። ከቸኮልሽ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጪና አማስዪው። በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ የበሰለ ምግብ 3 ወይም 4 ቀን ነው የሚቆየው። የእሁዱ ወጥ ሐሙስ ላይ ቢኮመጥጥ አይገርምም።

ስለዚህ እስከ ማክሰኞ የሚበላውን ብቻ ፍሪጅ ውስጥ ተዪ። የቀረው እሁድ ማታውኑ ፍሪዘር ይግባ። የምትጾሙ ከሆነ ይሄ የበለጠ ይጠቅማችኋል። የፍስክ ወጥ ረቡዕ አይነካም፣ አርብም አይነካም፤ ዝም ብሎ ቀኑን ይቆጥራል። ሐሙስ የሚበላውን ረቡዕ ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አውርጂው፤ እዚያው ይቀልጣል።

ድስቱን ሙሉ እያሞቁ መልሶ ማስገባት ይቅር። ለአንድ ማዕድ የሚሆነውን ብቻ በንጹሕ ጭልፋ አውጪና እስኪንተከተክ አሙቂ። አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እሱም ከበቂ በላይ ነው።

ነጭ ሽንኩርት ፈጭተው ዘይት አፍስሰውበት ለወራት ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጡም አሉ። እባካችሁ ተዉት። ቦቱሊዝም የሚባለው አደገኛ መመረዝ ዘይት ሥር፣ አየር በሌለበት ነው የሚነሳው። ፍሪዘር ውስጥ ግን ይቻላል፤ በበረዶ መሥሪያው ላይ አድርጋችሁ እንክብል እንክብሉን ማውጣት ነው።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ አሜሪካ እንጀራ ውድ ስለሆነ በየቀኑ አንገዛም። ስለዚህ ትኩሱ በደንብ ሲበርድ ሦስት አራቱን አጥፈን አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ፍሪዘር ውስጥ እናስገባለን። ሲፈለግ ከነፕላስቲኩ ውጪ ይቀልጣል፤ ሳይቀልጥ ከተገለጠ ግን ይሰባበራል። ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ሻጋታውን ያዘገየዋል፣ እንጀራውን ግን ያደርቀዋል። ሊያልቅ ያልቻለውን ከመሻገቱ በፊት ድርቆሽ አድርጊው። የሻገተውን ግን አንስቶ ሌላውን መብላት ይቅር፤ ሻጋታው በዓይን ከሚታየው በላይ ውስጥ ገብቷል።

የጎሮዋ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እማማ፣ እኔም እስከዛሬ የማደርገው እንደ እርስዎ ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር። መብራት ሲጠፋ ምን ላድርግ? ለበዓል ቅርጫ ስንገባስ ሥጋውን እንዴት ላስቀምጠው?

መልስ፦ የጤና ባለሙያው

መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቺ። ፍሪጅ ካልተከፈተ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ሙሉ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ 24 ሰዓት ያህል ይቆያል። ፍሪዘርሽ ባዶ ቦታ ካለው ውሃ በሃይላንድ ሞልተሽ አቀዝቅዢበት። ውሃው ሲረጋ ስለሚሰፋ ላስቲኩን እስከ አፉ አትሙዪው። ሥራ ቦታ ሳለሽ ጠፍቶ መጥቶ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ፍሪዘር ውስጥ ውሃው በረዶ በሆነ ኩባያ ላይ ሳንቲም አስቀምጪ። ሳንቲሙ ወደ ታች ሰምጦ ካገኘሽው በረዶው ቀልጦ ነበር ማለት ነው።

መልስ፦ የድግስ ምግብ አዘጋጇ

የቅርጫ ሥጋ ገና ትኩስ ነው። በአንድ ፌስታል አጭቀሽ ካስገባሽው መሃሉ ሳይቀዘቅዝ ያድርና ይሸታል። ለአንድ ወጥ፣ ለአንድ ጥብስ እየመጠንሽ ጠፍጠፍ አድርገሽ እሰሪው። ጠፍጣፋው ቶሎ ይረጋል፣ ቶሎም ይቀልጣል። ላዩ ላይ ቀኑን ጻፊበት። የቀለጠውን መልሰሽ ፍሪዘር ውስጥ አትክተቺው፤ አብስለሽው ከሆነ ግን ወጡን ፍሪዘር ማስገባት ትችያለሽ። ፍሪዘርሽ ትንሽ ስለሆነ ቀዩን ሥጋ ቀንሰሽ ቋንጣ አድርጊው። ፍሪጅ ውስጥ የምትተዪውን ጥሬ ሥጋ ደግሞ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ። ደሙ ሰላጣ ላይ እንዳይንጠባጠብ።

የጎሮዋ እናት

ወረቀቱን አሁን ሞከርኩት። በታችኛው ጥግ በኩል ሾልኮ ወጣ። ጎማው መቀየር አለበት?

መልስ፦ ፍሪጅ ጠጋኙ

ለመግዛት አትቸኩዪ። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ጎማውን እጥፋቱ ድረስ እጠቢው፤ ቅባትና ቆሻሻ ብቻውን እንዳይገጥም ያደርገዋል። አድርቂና ወረቀቱን ደግመሽ ሞክሪ። ካልያዘ ደርቆ ተጣምሞ ይሆናል። በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያዢበት፤ ሲለሰልስ በጣትሽ ወደ ቦታው መልሺውና በሩን ዘግተሽ አሳድሪው። የተቀደደ ከሆነ ነው የሚቀየረው። ያኔ የፍሪጁን ሞዴል ውስጥ ከተለጠፈው ወረቀት ላይ በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ የበሩንም ርዝመትና ወርድ ለክተሽ ያዢ። ያለ እሱ የማይገጥም ጎማ ነው የሚሸጡልሽ።