ምድጃው ሲበራ የቴርሞካፕል ንባብ ይዘላል፤ የ50 ሄርትዝ ኖይዝ (ከመብራት መስመር የሚገባ ረብሻ) እንዴት ይቀነሳል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የኬ ዓይነት ቴርሞካፕል (ሙቀትን በጥቃቅን ቮልቴጅ የሚያሳይ ባለ ሁለት ሽቦ መለኪያ) በባለ 6½ ዲጂት መልቲሜትር፣ 100 ሚሊቮልት ሬንጅ ላይ እያነበብኩ ነው። 8 ሜትር የሚሆነው ኬብል ከምድጃው የ220 ቮልት መስመር ጎን ለጎን ይሄዳል። ምድጃው ሲበራ ንባቡ ወደ ላይም ወደ ታችም 80 ማይክሮቮልት ይዘላል፤ 2 ዲግሪ ያህል ማለት ነው። የንባቡ ፍጥነት 0.02 ኤንፒኤልሲ (አንድ ንባብ የሚወስደው ጊዜ በመብራት መስመር ዑደት ሲቆጠር) ነው። አማካይ ብወስድ ይበቃል?

መልስ 1
አይበቃም። መጀመሪያ 0.02ን ተወው። በ50 ሄርትዝ 1 ኤንፒኤልሲ 20 ሚሊሰከንድ ነው፤ መልቲሜትሩ ሙሉ ዑደት ሲሰበስብ የሞገዱ ላይኛውና ታችኛው ግማሽ ይጠፋፋሉ። 0.02 ላይ የሚያየው 0.4 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሆነ ኖይዙ እንዳለ ይገባል። 10 ላይ አድርገው። አንድ ንባብ 0.2 ሰከንድ፣ አውቶ ዜሮ (መልቲሜትሩ የራሱን ዜሮ እየለካ የሚያርምበት) ከበራ ደግሞ 0.4 ገደማ ይፈጃል፤ ምድጃ በዚህ ፍጥነት ስለማይቀያየር የምታጣው ነገር የለም።

መልስ 2
የመስመር ፍሪኩዌንሲ ሴቲንጉንም እይ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህን ነው። 60 ላይ ከሆነ 1 ኤንፒኤልሲ 16.67 ሚሊሰከንድ ይሆንና ከ50 ሄርትዙ ኖይዝ 19 በመቶ ያህሉ ያልፋል፤ 10 ላይም 3.3 በመቶ ይቀራል። ሴቲንጉ የማይቀየር ቢሆንና መልቲሜትሩ ማንኛውንም ቁጥር የሚቀበል ቢሆን 6 ስጠው፦ 100 ሚሊሰከንድ ልክ 5 የ50 ሄርትዝ ዑደት ነው። በጄኔሬተር ስትሠራ ፍሪኩዌንሲው 49 ከወረደ፣ በትክክለኛው ሴቲንግ እንኳ 1 ኤንፒኤልሲ 2 በመቶ ያሳልፋል።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ሴቲንጉ 50 ነው፤ በ10 ኤንፒኤልሲ መዝለሉ ወደ 5 ማይክሮቮልት ወርዷል። ቀሪውን በ10 ኪሎኦም ሬዚስተርና በ1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ማጣሪያ ልጨርሰው?

መልስ 3
ማጣሪያውን ለመጨረሻ አቆየው። የመልቲሜትሩ ኢንፑት 10 ሜጋኦም ላይ ከሆነ 10 ኪሎኦሙ 0.1 በመቶ ስህተት ይጨምራል። ኢንፑቱን ከ10 ጊጋኦም በላይ ብታደርገው ይህ ስህተት ይጠፋል፤ ግን የምትበየዳቸው መገጣጠሚያዎች ሙቀታቸው እኩል ካልሆነ የራሳቸውን ማይክሮቮልት ይፈጥራሉ።

ይልቅ ምንጩን ለይ። ቴርሞካፕሉን ፍታና ሁለቱን የኬብል ሽቦዎች ምድጃው ጋ እርስ በርስ አገናኛቸው፤ ከዚያ ምድጃውን አብራ። አሁንም ከዘለለ በሽቦዎቹ መካከል ያለው ክፍተት የመስመሩን መግነጢሳዊ መስክ እየተቀበለ ነው፦ ጠምዝዛቸው፣ ከ220 ቮልቱ አርቃቸው፣ መሻገር ግድ ከሆነም በ90 ዲግሪ አሻግራቸው። ጸጥ ካለ ግን ኖይዙ የሚገባው የምድጃውን አካል በነካው የቴርሞካፕል ጫፍ ነው፤ ጫፉ ከብረት ሽፋኑ በኤሌክትሪክ የተነጠለ ቴርሞካፕል ግዛ፣ የኬብሉንም ሺልድ (ሽቦዎቹን የሚከብበውን የብረት መሸፈኛ) አንድ ጫፍ ላይ ብቻ ግራውንድ አድርግ።