ከሐረር ወጣ ብሎ በቤተሰብ ባህር ዛፍ መሃል ትንሽ ቤት ለማሠራት

ጥያቄ፦ ሰላም የሐረርና የድሬ ልጆች። ከሐረር ወጣ ብሎ በቤተሰብ ይዞታ ላይ የደረሰ ባህር ዛፍ አለን። ለእረፍት ስንመጣ የምናርፍባት 4 በ5 ሜትር የጭቃ ቤት ከራሱ ዛፍ ልናሠራ አስበናል። ምን ይቅደም?

የጀጎል ልጅ፦ ወንድሜ፣ ዘንድሮ እንጨቱን ብቻ አስቆርጥ፤ ቤቱ ለከርሞ ይቆይ። እርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ የቆርቆሮው ሚስማር ይላላና በመጀመሪያው ክረምት ያፈሳል። ጥቅምት ወይ ኅዳር ላይ ይቆረጥ፣ በዚያው ቀን ይላጥ (ካደረ ልጡ እምቢ ይላል)፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ጥላ ሥር አየር እንዲገባው ተደርጎ ይደርደር። ስድስት ወር ቢቆይ ነው የሚሻለው። የቤቱ ዙሪያ 18 ሜትር ነው፤ በየ75 ሳንቲም ቋሚ ቢቆም 24 ይወጣል። የሚጣመም አይጠፋምና 30 ቁረጥ። ማገርና ወራጅ ለብቻ ይቆጠራል።

ቤቱን ጉቶ ላይ እንዳታሳርፈው። ባህር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጥና ሊሾውን ሰንጥቆ ይወጣል። ሥሩ ከሞተ ደግሞ በስብሶ ከሥር ባዶ ይተዋል፣ ምስጥም ይጠራል። ከቆሙት ዛፎችም ቢያንስ የአንድ ዛፍ ቁመት ያህል ራቁ። ጥድ ይሻላል የሚሉህ ልክ ናቸው፣ ምስጥ አይደፍረውም፤ ነገር ግን የሀበሻ ጥድ ያለ ፈቃድ አይነካም።

ከዚራ፦ አቦ ቋሚውን አትቅበሩት! የተቃጠለ ዘይት ቀብቼ እቀብረዋለሁ የሚል አናጢ አይጠፋም። ዘይቱ ከላይ ከላይ ነው፤ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ምስጡ በስንጥቁ ይገባል። የድንጋይ መሠረት ይውጣ፦ ስፋቱ 50 ሳንቲም፣ ወደ ታች 60፣ ከመሬት በላይ 40። 9 ሜትር ኩብ ድንጋይ ግንብ ማለት ነው። ከላይ በሲሚንቶ ይታሰር፣ በ12 ሚሊ ፌሮ የታችኛው አግዳሚ እንጨት ይያዝ፣ ቋሚው እሱ ላይ ይቁም።

ያቺ 40 ሳንቲም እንደተገለጠች ትቅር። ምስጥ በብርሃን አይሄድም፤ የአፈር ዋሻ እየሠራ ነው ወደ እንጨቱ የሚወጣው። ድንጋዩ ላይ ዋሻው ይታያል፣ ይጠረጋል። ለማሳመር ብላችሁ ጭቃውን እስከ መሬት ካወረዳችሁት ግን በሩ መዝጋት እምቢ እስኪል ማንም አያውቅም። ቦታው ጥቁር መረሬ ከሆነ 60 ሳንቲም አይበቃም፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ተቆፍሮ መረሬው ይውጣ፣ በቦታው ገረጋንቲ እየተደለደለ ይሞላ።

እህታችሁ፦ መጀመሪያ ግን ወረቀቱ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ቤተሰባችሁ ያለው የመጠቀም መብት ነው። ቤቱን ያንተ ገንዘብ ቢሠራውም ወረቀት የሚያውቀው የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ስሙ ያለውን ነው። ከወንድም ከእህት ጋር ይህን በጽሑፍ ሳትጨርስ ድንጋይ አታስወርድ። ቦታው በየትኛው አስተዳደር እንደሆነም አረጋግጥ፤ ከሐረር ጥቂት ወጣ እንዳልክ ምስራቅ ሐረርጌ ትገባለህና ሐረር ከተማ የያዝከው ጉዳይ እዚያ ላይሠራልህ ይችላል።

ክፍያ በሥራ ይሁን። የመሠረቱ ጉድጓድ ሳይሞላ ሜትር ውስጡ ቆሞ ፎቶ ይላክልህ። የሲሚንቶውንና የቆርቆሮውን ለሱቁ በቀጥታ ክፈል።

የጀጎል ልጅ፦ ልክ ነሽ። ቆርቆሮ ካነሳሽ አይቀር 28 ጌጅ ይሁን፤ ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚወፍረው፣ 32 ስስ ነው። ጭቃ ግድግዳ ዝናብ አይችልምና ጣሪያው በየጎኑ 60 ሳንቲም ይውጣ። ያኔ ወደ 32 ካሬ ይሆናል፤ ዓመቱ 700 ሚሊ ሜትር ቢያዘንብ፣ የሚባክነው ተቀንሶ 18,000 ሊትር ገደማ ይያዛል። አሸንዳው ላይ ወንፊት ሽቦ ይደረግ፣ የባህር ዛፍ ቅጠል ይደፍነዋል። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ደግሞ ሮቶው ውስጥ ሳይገቡ ወደ ውጭ ይፍሰሱ፤ ጣሪያው ላይ የከረመውን አቧራና ቅጠል ይዘው ነው የሚወርዱት።