«ዘረመሉ ገጥሟል» የሚለውን እንዴት እንጻፈው?

ጠያቂ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ የፍርድ ቤት ጽሕፈት ነው። የዘረመል (የዲኤንኤ) ምርመራ ውጤት ሲጻፍ አንዱ «የዘረመል አሻራ»፣ ሌላው «የደም ውጤት» ይላል። ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ «ገጥሟል» የሚለው ነው፤ ሰሚው «አድርጎታል» ብሎ ይረዳዋል። እባካችሁ አንድ በሉኝ።

የባዮሎጂ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ፦ እህቴ፣ «የደም ውጤት» ይቅር። ደምን የሚያቀሉት ሴሎች አስኳል፣ ማለትም ዘረመል የሚቀመጥበት የሴሉ እምብርት፣ የላቸውም፤ ከደም ጠብታ ለምርመራ የሚወጣው ዘረመል የነጭ የደም ሴሎች ነው። ምራቅም አጥንትም ከነሥሩ የተነቀለ ጠጉርም ያው ዘረመል አላቸው።

«አሻራ» የመጣው ከእንግሊዛዊው የዘረመል ተመራማሪ ከአሌክ ጄፍሪስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በእንግሊዝ አገር፣ በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ዘዴውን ሲያገኝ በጣት አሻራ ስም ጠራው። ነገር ግን የጣት አሻራ ተመሳሳይ መንትዮችን ይለያል፤ የተለመደው የዘረመል ምርመራ አይለያቸውም።

ምርመራው ዘረመሉን በሙሉ አያነብም። ሎከስ የሚባሉ የተመረጡ ስፍራዎችን ብቻ ያያል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የምትጠቀመው በ20 ነው። ለምሳሌ ቲኤች 01 በሚባለው ስፍራ አራት ፊደላት (ፊደል የሚባሉት የዘረመሉ ኬሚካላዊ ክፍሎች ናቸው) ተደጋግመው ይገኛሉ፤ አንዱ ሰው ከእናቱ 6፣ ከአባቱ 9 ድግግሞሽ ወርሶ ሊሆን ይችላል። በየስፍራው እንዲህ ያለው ጥንድ ቁጥር ተደርድሮ ፕሮፋይል ይባላል። ለዚህ ጥሩ አማርኛ አላገኘሁም።

የቅኔ መምህር፣ ከቢቸና፦ ልጆቼ፣ «የዘረመል መልክ» በሉት። የመልክእ ደራሲ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር አካል በአካል እየቆጠረ ያወድሳል፤ ይኸም ስፍራ በስፍራ ይቆጥራል። ደግሞ መልክ ሁለት ሰው ሊጋራው ይችላል። አሻራ ግን የአንድ ሰው ብቻ ተብሎ በሰው ልብ ታትሟል። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ በእኛ በጎጃም ለርስት አጥንት ሲቆጠር በእናትም በአባትም ነበር። የሐኪሞቹ ቆጠራስ?

የባዮሎጂ መምህሩ፦ የኔታ፣ «መልክ»ን በደስታ ተቀብያለሁ። የአስኳሉ ዘረመል እንደ አጥንት ቆጠራው በሁለቱም ወገን ነው። ዋይ ክሮሞሶም የሚባለው የወንዶች የዘረመል ጥቅል ግን ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ፣ ከአስኳሉ ውጭ ባለው ማይቶኮንድሪያ በሚባል የሴሉ ክፍል ያለው ዘረመል ደግሞ ከእናት ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ በማይቶኮንድሪያ የገጠመ ናሙና ወንድምንና እህትን አይለይም፤ «በእናት ሐረግ ገጥሟል» ተብሎ ይለይ።

አሁን ወደ «ገጥሟል»። ቃሉ የሚናገረው የናሙናውና የሰውየው መልክ በታዩት ስፍራዎች ሁሉ አንድ መሆኑን ነው። መቼ፣ በምን ምክንያት እዚያ እንደደረሰ አይናገርም። ቁጥርም አብሮት መጻፍ አለበት። ዝምድና ከሌላቸው ሰዎች መካከል ያ መልክ ከሚሊዮን አንድ ሰው ላይ ይገኛል ቢባል፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለባት አገራችን መቶ ያህል ሰው ሊጋራው ይችላል። «ንጹሕ የመሆን ዕድሉ ከሚሊዮን አንድ ነው» ብሎ መጻፍ ሰው ያሳስራል!

በተቃራኒው «ተገልሏል»፣ ማለትም ናሙናው የእሱ አይደለም፣ ብርቱ ቃል ነው። እዚያው ሌስተር አካባቢ ሁለት ልጃገረዶች ተገድለው አንድ የ17 ዓመት ወጣት የአንዷን ግድያ አምኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የዘረመል ምርመራ ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው መሆኑንና ያም ሰው ወጣቱ አለመሆኑን አሳየ። እውነተኛው ገዳይ እ.ኤ.አ. በ1988 ተፈረደበት። ለማግለል፣ ንጹሕ ናሙና ከሆነ፣ ጥቂት ስፍራዎች በግልጽ መለያየታቸው ይበቃል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብዙ እጅ የነካው ዕቃስ?

የባዮሎጂ መምህሩ፦ «ድብልቅ ናሙና» በይው፤ «ቆሻሻ ናሙና» የሚሉ አሉ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ይሁን፦ «ከቢላዋው እጀታ የተወሰደው ናሙና ቢያንስ የሦስት ሰዎች ድብልቅ ነው፤ ተከሳሹ ከእነዚህ አንዱ ከመሆን አልተገለለም።» ከሥሩ የዕድሉን ስሌት ጻፊ።