ክርክር፦ ተማሪን በብልህነቱ ዓይነት ለይቶ ማስተማር ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

የክርክሩ መሪ፦
ልጆች ጎበዝ የሚሆኑት በአንድ መንገድ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም የምንስማማ ይመስለኛል። አንዱ በቃላት ይራቀቃል። ሌላዋ ቁጥር ትወዳለች። ሌላው የተበላሸ ነገር ፈታትቶ ይገጥማል። አንዷ ደግሞ የተጣሉ ጓደኞቿን ታስታርቃለች። የሚያከራክረው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። መምህሩ ይህን ልዩነት ምን ያድርገው? ልጆቹን በየዓይነታቸው ለይቶ ለእያንዳንዱ በሚመቸው መንገድ ያስተምር? ወይስ ሁሉንም በአንድ መንገድ? ምክንያታችሁን ይዛችሁ ግቡ።

የአንደኛ ደረጃ መምህርት፦
እኔ "ይለይ" ከሚሉት ወገን ነኝ። የሃርቫርዱ የሥነ ልቦና ምሁር ሃዋርድ ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ ብልህነት አንድ ሳይሆን ሰባት ነው አለ። የቋንቋ፣ የሒሳብና የአመክንዮ፣ ቅርጽንና ቦታን በአእምሮ የማየት፣ የሙዚቃ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ሰውን የመረዳት፣ ራስን የመረዳት። በኋላ ተፈጥሮን የማስተዋል ብልህነትን ጨምሮ ስምንት አደረሳቸው። ትምህርት ቤት ግን የሚያከብረው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው። በእነሱ የደከመ ልጅ ሰነፍ ተብሎ ይቀራል። ይሄ ግፍ ነው።

ስለዚህ ዓመቱ ሲጀመር ልጆቼን መጠይቅ አስሞላለሁ። ከዚያ በቡድን እከፍላቸዋለሁ። ዜማ የሚወዱት ትምህርቱን በዜማ፣ መሣል የሚወዱት በሥዕል፣ መንቀሳቀስ የሚወዱት በጨዋታ ይማራሉ። ክፍሉ ነፍስ ይዘራል። እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ እጁን ያወጣል። ይህን ያየ መምህር ወደ ድሮው ተመለስ ቢባል እሺ አይልም።

የሥነ ልቦና ተማሪ፦
መምህርት፣ ለልጆቹ ያለዎት ፍቅር ከጽሑፍዎ ያስታውቃል። ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል። ጋርድነር ያለው "ሰው ብዙ ዓይነት ችሎታ አለው" ነው። "እያንዳንዱ ልጅ አንድ የመማሪያ ስልት አለው፣ በዚያ ብቻ አስተምሩት" አላለም። እንዲያውም ሀሳቡ እንዲህ ሆኖ ሲወሰድ ስላየ፣ የብልህነት ዓይነትና የመማር ስልት አንድ አይደሉም ሲል እ.ኤ.አ. በ2013 በግልጽ ጽፏል።

የመማር ስልት የሚባለው ደግሞ ማስረጃ አጥቷል። እንዴት እንደሚፈተን ላስረዳ። "በማየት የሚማሩ" እና "በመስማት የሚማሩ" የተባሉ ልጆችን እንወስዳለን። ከሁለቱም ወገን ግማሹን በሥዕል፣ ግማሹን በድምፅ እናስተምራለን። መጨረሻ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ፈተና ይወስዳሉ። ሀሳቡ እውነት ከሆነ የማየት ልጆች በሥዕል፣ የመስማት ልጆች በድምፅ ሲማሩ የተሻለ ማምጣት አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ በጉዳዩ ላይ የተሠሩትን ጥናቶች ሲያገላብጡ፣ በዚህ መንገድ የፈተኑት ጥቂት ብቻ ሆነው አገኟቸው። ከእነዚያም መካከል ሀሳቡን በቀጥታ የሚቃረኑ ነበሩ። እምነቱ ግን አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ከተጠየቁት የእንግሊዝና የኔዘርላንድ መምህራን ከ100ው ከ90 በላይ የሚሆኑት ያምኑበት ነበር።

የአንደኛ ደረጃ መምህርት፦
ጥናቱን አልንቅም። ግን የሚለካው የፈተና ውጤትን ነው። ልጁ ጠዋት ትምህርት ቤት ለመምጣት መጓጓቱን ማን ይለካል?

እናት፦
እኔ መምህር አይደለሁም። ግን መለያው ቤት ሲደርስ ምን እንደሚሆን ላውራችሁ። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ሳለ መጠይቅ ሞላና "የሰውነት እንቅስቃሴ ልጅ" ተባለ። ደስ አለን። እውነትም አንድ ቦታ አይቀመጥም። ቆይቶ ግን መጽሐፍ አንብብ ስለው "እማ፣ እኔ እኮ በማንበብ አይደለም የምማረው" ይለኝ ጀመር። ንባቡ ደካማ ስለነበር ከማንም በላይ ልምምድ የሚያስፈልገው እሱ ነበር። መለያው ማምለጫ ሆነው።

ልጆችን ሰነፍ አትበሉ የምትሉት ልክ ነው። ግን "አንተ የንባብ ሰው አይደለህም" ማለትስ ያንኑ ነገር በለሰለሰ አንደበት መድገም አይደለም? በስምንት ዓመቱ ማን መሆኑን ማን ነገራችሁ?

የሒሳብ መምህር፦
እናትየዋ እውነት ተናገሩ። እኔ ከዚህም አልፋለሁ። ስምንት ብልህነት የሚባለው ራሱ አያሳምነኝም። የእንግሊዙ የሥነ ልቦና ምሁር ቻርልስ ስፒርማን እ.ኤ.አ. በ1904 ያሳየው ነገር እስከዛሬ አልተሻረም። በአንድ ትምህርት የሚበልጥ ልጅ ብዙውን ጊዜ በሌላውም ይበልጣል። ችሎታዎቹ ተለያይተው የቆሙ ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ ባልተያያዙ ነበር። ሙዚቃና ስፖርት ትልቅ ተሰጥኦ ናቸው። ብልህነት ብለን ስም ስላወጣንላቸው ክብራቸው አይጨምርም።

ደግሞ እህቴ፣ እውነቱን እንነጋገር። ለአንድ ክፍለ ጊዜ ስምንት ዓይነት ዝግጅት ይዞ የሚገባ መምህር የት አለ? ልጅን የሚለውጠው አንድ ጥሩ ማብራሪያና ብዙ ልምምድ ነው።

የባዮሎጂ መምህር፦
እስካሁን ሁላችሁም የምታዩት ልጁን ነው። እኔ ደግሞ ትምህርቱን እንይ እላለሁ። የማስተማሪያውን መንገድ መምረጥ ያለበት የሚማረው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

የደም ዝውውርን ሳስተምር ወለሉ ላይ በጠመኔ አራቱን የልብ ክፍሎች እሥላለሁ። አንዱ ጥግ ሳንባ ነው። በሩ አካባቢ የቀረው ሰውነት ነው። ልጆቹ ደም ይሆናሉ። ከሰውነት ሲመለሱ ሰማያዊ ወረቀት ይይዛሉ። በቀኝ ላይኛው ክፍል ገብተው ወደ ቀኝ ታችኛው ይወርዳሉ፣ ከዚያ ወደ ሳንባ። እዚያ ሰማያዊውን ሰጥተው ቀይ ይቀበላሉ። በግራ ላይኛው ገብተው በግራ ታችኛው በኩል ወደ ሰውነት ይወጣሉ። አንዷ ልጅ ከሳንባ ቀጥታ ወደ በሩ ልትሄድ ስትል ጓደኞቿ "ልብ! ልብ!" ብለው ጮኹባት። ቆም አለችና "ለምንድነው ደሙ ሁለቴ ልብ ውስጥ የሚገባው?" ብላ ጠየቀች። መልሱ ደም በሳንባ ቀጫጭን ሥሮች ሲያልፍ ግፊቱ ስለሚወርድ ነው። መላ ሰውነትን ለመዞር እንደገና መገፋት አለበት። ይህን ጥያቄ ከሰሌዳ ሥዕል ገልብጦ የጠየቀኝ ተማሪ የለም።

ልብ በሉ፣ የተራመዱት ሁሉም ናቸው። መንቀሳቀስ የሚወደውም፣ ከመጽሐፉ ቀና የማይለውም። ደም የሚዞር ነገር ነውና መዞሩ ራሱ ትምህርቱ ነው። ከዚያ ሁሉም ይሥላሉ፣ ሁሉም በቃል ያስረዳሉ፣ ሁሉም ይጽፋሉ። በአንዱ ያልገባው በሌላው ይገባዋል። በሁሉም የገባው ደግሞ ይበልጥ ይጠልቅበታል።

ዜማ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼ ስለ ፎቶሲንተሲስ፣ ማለትም ተክል በብርሃን ምግቡን ስለሚሠራበት መንገድ፣ ያማረ መዝሙር ሠሩ። ብርሃን፣ ውሃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እያሉ አጨበጨቡ። በሳምንቱ "የዛፍ እንጨት በአብዛኛው የሚሠራበት ነገር ከየት ይመጣል?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ከአፈር አሉኝ። እንጨቱን በብዛት የሚሠራው ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። መልሱ መዝሙራቸው ውስጥ ነበር። ዘመሩት እንጂ አላሰቡበትም። ዜማ ስምና ቅደም ተከተል ለማስታወስ ይረዳል። "ለምን?" ለሚለው ግን ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

የሙዚቃ አስተማሪ፦
ለሙዚቃ ጥብቅና ልቁም። ሰው ሁሉ ሙዚቃን የሚያነሳው ለሌላ ትምህርት ሎሌ አድርጎ ነው። የማባዣ ሠንጠረዥ መሸምደጃ፣ የፕላኔቶች ስም ማስታወሻ። ሙዚቃ ራሱ የሚማሩት ነገር ነው። ልጅ ምት ሲቆጥር፣ የሌላውን ድምፅ እየሰማ የራሱን ሲይዝ፣ ተሳስቶ ሳያቋርጥ ወደ መስመሩ ሲመለስ፣ ይሄ ማሰብ ነው። ተሰጥኦ በሉት፣ ብልህነት በሉት፣ ሰዓቱን ብቻ አትንፈጉት። የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ ሲወሰድ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ለሙዚቃ ሲለቀቅ ግን አላየሁም። ጋርድነርን የማመሰግነው ይህን ነገር ጠረጴዛ ላይ ስላመጣልን ነው።

የሥነ ልቦና ተማሪ፦
የባዮሎጂ መምህሩ ያሉት ጋርድነር ራሱ ለመምህራን ከሚመክረው ጋር ይሄዳል። ዋና ዋና ሀሳቦችን በብዙ መንገድ አስተምሩ ይላል፣ ተማሪውንም በደንብ እወቁት ይላል። ልጆቹን በየሳጥኑ ክተቱ አይልም።

ለሒሳብ መምህሩም አንድ ነገር ልበል። አንድ ማብራሪያ ብቻውን አይበቃም። ቃልና ሥዕል አንድ ላይ ሲቀርቡ ቃል ብቻውን ከሚቀርብ ይልቅ አብዛኛው ተማሪ የተሻለ ይገባዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙትን እዩ። ተማሪዎች ያነበቡትን ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት መጽሐፉን ዘግተው ለማስታወስ የታገሉት ናቸው። ይሄ "የማየት" ወይም "የመስማት" ልጅ አይልም። ዜማ የምትወደውም ልጅ፣ ሥዕል የሚወደውም መጽሐፉን መዝጋት ይጠቅማቸዋል።

የሒሳብ መምህር፦
የምትሉት ይህ ከሆነ ጠብ የለንም። እኔም ክፍልፋይ ሳስተምር ወረቀት አሳጥፋለሁ። የግማሽ ግማሽ ሩብ መሆኑን ልጁ በዓይኑ ያያል። የታጠፈው ሲበዛ ቁራጩ ስለሚያንስ 1/8 ከ1/4 እንደሚያንስ ማንም አይነግረውም። "8 ከ4 ይበልጣል" ብሎ የሚሳሳተው ልጅ እዚያው ይታረማል። ግን ወረቀቱ መነሻ ነው። 7/13ን በ5/9 ማባዛት በማጠፍ አይዘለቅም። ልጁ በመጨረሻ በቁጥርና በምልክት መሥራት አለበት። ወረቀት የሚወድ ልጅ ወረቀት ላይ ይቅር ብላችሁ እንዳትተዉት ነው የምፈራው።

የአንደኛ ደረጃ መምህርት፦
ማንም ይቅር አላለም። ቡድኖቹ ይፍረሱ ከተባለም እናፍርሳቸው፣ ሁሉም ልጅ በሁሉም መንገድ ይለፍ። ግን ፈተናውን ለምን ማንም አላነሳውም? በእግር፣ በእጅ፣ በሥዕል አስተምረን መጨረሻ ላይ የምንጠይቀው በጽሑፍ ብቻ ነው። ማርክ የሚያስገኘው መጻፍ ብቻ ከሆነ ልጆቹ የቀረውን ሁሉ እንደ ጨዋታ ነው የሚያዩት። የገባውን በቃል አሳምሮ የሚያስረዳኝ ልጅ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ጽፎ ይወድቃል። ይሄ ልጅ ምኑን ነው ያላወቀው?

የሒሳብ መምህር፦
መጻፍ ነዋ ያላወቀው። ያንን አስተምሪው። አንዱ በሥዕል፣ አንዱ በቃል፣ አንዱ በድራማ ከተፈተነ የማን ማርክ ከማን ይወዳደራል? የጓደኛሞች ውጤት ሲለያይ ወላጅ መጥቶ ቢጠይቅሽ ምን ትያለሽ?

እናት፦
እኔ የምጠይቀው "ልጄ ገብቶታል ወይ?" ብዬ ነው።

የባዮሎጂ መምህር፦
እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። የደም ዝውውር ፈተናዬ ላይ ተማሪው ወይ ቀስቶችና ስሞች ያሉበት ሥዕል ይሠራል፣ ወይ በአንቀጽ ይጽፋል። ምርጫው የእሱ ነው። የማርክ አሰጣጤ ግን አንድ ነው። አራቱ ክፍሎች አሉ? የቀስቱ ወይም የአረፍተ ነገሩ ቅደም ተከተል ልክ ነው? ኦክስጅን የሚገባው የት ነው? ከዚያ ለሁሉም አንድ የማይቀር ጥያቄ አለ፦ "በግራ ላይኛውና በግራ ታችኛው ክፍል መካከል ያለው ክዳን (ቫልቭ) ባይዘጋ ምን ይሆናል?" ይህን በጽሑፍ ነው የምቀበለው፣ ሁለት አረፍተ ነገር ቢሆንም። ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሳንባ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፣ ሰውየው ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህን የጻፈ ልጅ ቅድም ሥዕል ሠራ አንቀጽ ጻፈ እኔ ግድ የለኝም።

የሒሳብ መምህር፦
በባዮሎጂ እቀበላለሁ። ሒሳብ ላይ ግን ማረጋገጫ ጻፍ ስል ሥዕል አልቀበልም። ሥዕሉ የሚያሳየው ያንን አንድ ሦስት ማዕዘን ነው። እኔ የምፈልገው ስለ ሁሉም ሦስት ማዕዘን ነው።

የአንደኛ ደረጃ መምህርት፦
ሥዕሉን ከማረጋገጫው በፊት ይሥራው፣ ለእሱም ትንሽ ማርክ ስጡት። መንገዱን የጀመረ ልጅ ዜሮ ይዞ ወደ ቤቱ አይሂድ።