የገዳዩን የልጅነት በደል በየትኛው ምዕራፍ ላስገባው?

በጅማ ከተማ የሚፈጸም አስፈሪ ልብ ወለድ በመጻፍ ላይ ሳለሁ ከመካከሉ ማለፍ ስላቃተኝ፣ በድርሰት የበሰላችሁ ሰዎች እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዋናው ገጸ ባሕርይ በአሳዳጊዎቹ ቤት እጅና እግሩ ታስሮ በበርበሬ ጭስ እየታጠነ ያደገ ሲሆን፣ ከጎለመሰ በኋላ ያሠቃዩትንም ሆነ እየሰሙ ዝም ያሉትን ጎረቤቶች፣ በክረምቱ ዝናብ በአዌቱ ወንዝ አጠገብ ባሉ ሰፈሮች አንድ በአንድ ይገድላል፤ ከእያንዳንዱ ግድያ በፊትም የሚቃጠል በርበሬ ይሸታል። እስካሁን ከጻፍሁት ሁሉ የሚያስፈራው ይህ ሽታ ይመስለኛል።

የቸገረኝ የልጅነቱ ታሪክ የሚገባበት ቦታ ነው። መጀመሪያ ላይ ሳስቀምጠው አንባቢ ስለሚያዝንለት ፍርሃቱ ይጠፋል፤ ወደ መጨረሻው ስወስደው ደግሞ ሰውየው ጭራቅ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ቢጠብቅም፣ የእኔ ታሪክ የሚፈጸመው በቤት ጓዳ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ፣ በልጅነታቸው ከተሠቃዩት አብዛኞቹ ማንንም ሳይገድሉ የሚኖሩ ሆነው ሳለ፣ ድርሰቴ እነርሱን እንዳያስጠረጥር ነው። ስለዚህ በዚያው ቤት አብራው የታጠነች፣ ነገር ግን ለበቀል እጇን ያላነሣች እህት ጨምሬ በእርሷ አንደበት ልተርከው አስቤያለሁ። እርሷ ሽታውን ከሁሉም ቀድማ የምታውቀው ከሆነ፣ ምክንያቱን ለአንባቢ መቼ ብትናገር ፍርሃቱም ሐዘኑም ሳይጠፋ ይዘልቃል ትላላችሁ?