ባለቤቴን አፈናጥጬ ሳነቴን እንዴት ልውጣ?

ሰላም ወገኖች፣ ከሐዋሳ ነኝ። ባለቤቴን በሞተር ሳይክል አፈናጥጬ በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በዲንሾ አድርጌ ጎባ መግባት እፈልጋለሁ። ከዚያ የባሌን ከፍተኛ አምባ ሳነቴን አቋርጠን በሐረና ደን ወደ ደሎ መና እንወርዳለን። የባሌን ተራሮች ለማየት ስትመኝ ኖራለች፤ ቃል ገብቼላታለሁ።

የጨነቀኝ ሞተሩ ነው። 150 ሲሲ፣ ቤንዚኑንና አየሩን በካርቡሬተር የሚቀላቅል። ከተማ ውስጥ ሁለት ሰው ይዞ ምንም አይለውም። ወደ ኮፈሌ ስንወጣ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ምክንያቱ ይገባኛል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፤ ሳነቴ ግን 4,000 ሜትር ይደርሳል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል። አንድ መካኒክ "ቤንዚን የምታሳልፈዋን ቀዳዳ በጠባብ ቀይራትና ውጣ" አለኝ። እሺ፣ ስንወርድስ? ቆላ ላይ ቤንዚን አንሶት ሞተሩ ቢግልብኝስ? መንገድ ላይ ፈትቶ መቀየር ይሻላል ወይስ የአየሯን ብሎን ማስተካከል ይበቃል?

ሌላው ቁልቁለቱ ነው። በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ይዤው ብወርድም፣ ሁለት ሰውና ሻንጣ ተጭኖ የኋላ ፍሬኑ እንዳይግል እሰጋለሁ። የኋላውን ሞላስ ምን ያህል ላጠንክረው?

ሰው አፈናጥጣችሁ በዚያ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ የሞተራችሁን ዓይነትና ያደረጋችሁትን እባካችሁ ንገሩኝ። እሷን አደጋ ላይ መጣል አልፈልግም። በዚህ ሞተር አይሆንም ካላችሁኝ ዲንሾ ላይ እናበቃለን።