መድኃኒት የበዛበትን ሰው የሚያነቃው በአፍንጫ የሚነፋ ነገር ድሬ ይገኛል?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። አሜሪካ ያለች እህቴ ትናንት ደውላ ነበር። ጎረቤቷ ቤት መድኃኒት በዝቶበት የወደቀውን ልጅ አምቡላንሶቹ መጥተው በአፍንጫው የሆነ ነገር ሲነፉበት ነቃ። ሲሄዱ ሌላ አንድ ለእናቱ ትተውላት ሄዱ፣ ያውም በነፃ፣ ድንገት ከደገመው አንቺው ትነፊበታለሽ ብለው።

ለወሬ አይደለም የምጠይቀው። ታናሽ ወንድሜ ከበርጫ በኋላ ለጨብሲ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ይውጣል። ድሮ አንድ ነበር፣ አሁን ስንት እንደሆነ እሱም አያውቀው። ባለፈው ሌሊት ሲያንኮራፋ ሰምቼ ዛሬስ ተኛልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ውሃ ልጠጣ ተነስቼ መብራት ሳበራ ከንፈሩ ጠቁሯል። በስንት መከራ ነቃ። ይሄ ነገር እዚህ ይሸጣል?

ሲስተር፦
ወንድሜ፣ ያ ማንኮራፋት እንቅልፍ አልነበረም። ትንፋሹ እያጠረው ነው።

መድኃኒቱ ናሎክሶን ይባላል። ትራማዶል፣ ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ሄሮይን ሁሉም አንጎል ላይ አንድ ቦታ ይዘው ነው ትንፋሽ የሚያደክሙት። ናሎክሶን ከወንበራቸው አስነስቶ ራሱ ይቀመጥበታል። በ2 እና 3 ደቂቃ ውስጥ ሰውየው መተንፈስ ይጀምራል። በአፍንጫ የሚነፋው አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። እኔ በሥራዬ የማውቀው ግን መርፌውን ነው፣ እሱም ባለሙያ የሚሰጠው።

ደግሞ የሚቆየው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው። ትራማዶሉ ከዚያ በላይ ሊቆይ ስለሚችል ነቃ ብላችሁ ቤት እንዳታስቀሩት። ትራማዶል ሲበዛ ያንቀጠቅጣል፣ ናሎክሶን ያንን አያቆምም።

ዋሪያ፦
ከእንቅልፍ ኪኒን ጋር የሚቀላቅሉትስ ሲስተር?

ሲስተር፦
እንደ ዳያዜፓም ባለ የእንቅልፍ ኪኒንና በአልኮል ላይ አይሠራም። የዋጠው ካልታወቀ ግን ይሰጠዋል፣ ስለማይጎዳው።

ጋሽ መጋላ፦
አቦ ተዉን እስቲ! ማዳኛውን ከጎናቸው ካስቀመጣችሁላቸውማ ይብስባቸዋል። ይልቅ የሚሸጥላቸውን ያዙ።

ዋሪያ፦
ጋሼ በእርስዎ አልፈርድም፣ አላዩም። እኛ ጓደኛችን ሲወድቅ ቀዝቃዛ ውሃ ደፋንበት፣ ከዚያ ወተት ያረክሰዋል ተብሎ ጋትነው፣ ወተቱ በአፍንጫው ተመለሰ። ባጃጅ ፍለጋ ስንሮጥ፣ ከዚያ ደግሞ በጀርባው አስተኝተነው ስንሄድ... ሆስፒታል በር ላይ ሲያወርዱት ጫማው ባጃጁ ውስጥ ቀረ። እስካሁን እኔ ጋር ነው። ያን ቀን ያ ነገር ኪሳችን ውስጥ ቢኖር የትኛውን ጥፋት ነው የሚያብሰው?

ሲስተር፦
ነፍስ ይማር። ጋሼ፣ በናሎክሶን የነቃ ሰው ሱሰኛ ከሆነ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ይነጫነጫል። ማንም ለደስታ ብሎ አይሞክረውም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2014 ቤተሰብና ጓደኛ እጅ ይግባ ብሏል።

የከዚራ ልጅ፣ ለአሁኑ ይሄን ያዝ። ጠርተኸው ካልነቃ የደረቱን አጥንት በጭብጥህ ጠንከር አድርገህ እሸው። ቀይ መስቀል 907 ደውል። ካልተነፈሰ አገጩን ቀና አድርገህ በአፍ ለአፍ ትንፋሽ ስጠው። ከተነፈሰ በጎኑ አስተኛው። ወተትም ውሃም በአፉ የለም።

የከዚራ ልጅ፦
እግዜር ይስጥሽ ሲስተር። ዛሬ ፍራሼን እሱ ክፍል አስገባለሁ። እናቴ ከጠየቀች የኔ ክፍል ሞቀኝ እላታለሁ፣ በድሬ ሙቀት ማን ይጠረጥራል።